ከግንብ ወደ ካብ፦ ሄኤያ የዓሣ ኩሬ ላይ የያዝኩት ማስታወሻ

ጥቅምት፣ የመጀመሪያው ቅዳሜ

ሰው ቤት ስንደርስ ከአጥሩ ውጭ ቆመን "ቤቶች!" እንላለን። እዚህ ሃዋይም ወጉ ያው ነው። መግቢያው ላይ ሃያ የምንሆን ሰዎች ቆመን ሳለ፣ ከመካከላችን አንዲት ወጣት በሃዋይኛ ዜማ ተጣራች። መምጣታችንን ነገረች፣ እንዲያስገቡን ለመነች። ከውስጥ በዜማ እስኪመለስላት ድረስ ማንም እግሩን አላነሳም። በኋላ ጠይቄ እንደተረዳሁት፣ የምትጠራው የቦታውን ሰዎች ብቻ አይደለም። የኩሬው ጠባቂ ናት የምትባለው፣ እንሽላሊት መሳይዋ የውሃ መንፈስ ሜሄአኑም ትሰማለች ይላሉ። እኔ በልቤ አማትቤ ገባሁ።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። አዲስ አበባ አሥራ አንድ ዓመት ግንበኛ ነበርኩ፤ የመጨረሻዎቹን አራት ዓመታት ፎርማን ሆኜ። አሁን ሆኖሉሉ ውስጥ አንድ ሆቴል ጥገና ክፍል ነው የምሠራው። የሆቴሉን አትክልት ቦታ የከበበ፣ የጥንት የሚመስል ጥቁር የድንጋይ አጥር አለ፤ ቱሪስት ፎቶ ይነሳበታል። ውስጡ ግን ብሎኬት ነው፤ ድንጋዩ በሲሚንቶ የተለጠፈ ልባስ ነው። እሱን ስጠግን ያየኝ የሥራ ባልደረባዬ "እውነተኛውን ማየት ከፈለግህ ቅዳሜ ከእኔ ጋር ና" አለኝ።

ቱንቢዬን፣ ውሃ ልኬን፣ ሲባጎዬንና ካዞላዬን በቦርሳ ይዤ መጣሁ። አንዳቸውም ከቦርሳው አልወጡም። መጋዝ ሰጡኝ።

በዚያው ሳምንት፣ ማክሰኞ ማታ

እጄ አብጧል፤ ግን ሳልረሳው ልጻፈው።

ሄኤያ ኦዋሁ ደሴት ላይ፣ ነፋሱ በሚመጣበት ወገን፣ ካኔኦሄ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለ የዓሣ ኩሬ ነው። ከ600 እስከ 800 ዓመት ዕድሜ እንዳለው ይገመታል። ስፋቱ 88 ኤከር፣ በእኛ አነጋገር 35 ሄክታር ግድም ነው። ዙሪያውን የከበበው ካብ ኩአፓ ይባላል። ርዝመቱ ከ2 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ወርዱ ደግሞ 4 ሜትር ያህል ስለሆነ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ባሬላ ይዞ እንደ ልቡ ይሄድበታል። ይኼ ሁሉ ያለ አንዲት ማንኪያ ሲሚንቶ። እኔ ለአንድ ሜትር ከፍታ የድጋፍ ግንብ መሐንዲስ አስፈርሜ፣ ብረት አስቆጥሬ ነው የምጀምረው።

ታዲያ ካቡ ዋና ጠላቱ ባሕሩ አይደለም፣ ዛፍ ነው። ማንግሮቭ የሃዋይ ተክል አልነበረም። በ1902 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደዚያ ነው) አንድ የስኳር ኩባንያ ሞሎካይ ደሴት ላይ ደለል ይይዝልኛል ብሎ ከፍሎሪዳ አምጥቶ ተከለው። ደለሉን ያዘ። ከዚያ ዘሩ በውሃ እየተንሳፈፈ የማይፈለግበትም ደረሰ፤ ኦዋሁም መጣ። ሥሩ በድንጋዮቹ መሐል ገብቶ ሲወፍር እንደ ሽብልቅ ሆኖ ካቡን ይፈለቅቀዋል። ከላይ ስታየው አረንጓዴና ውብ ነው፤ ጎንበስ ብለህ ስታየው ግን ድንጋዩ ሁሉ ከቦታው ወጥቷል።

መጀመሪያ ጉቶውን በዲጂኖ ልነቅል ስል አንድ ሽማግሌ በእጃቸው አስቆሙኝ። ከነሥሩ ከነቀልኩት ሥሩ ያቀፈው ድንጋይ ሁሉ አብሮ ይመጣል። በደንብ ዝቅ ተደርጎ ይቆረጣል፤ ይደርቃል፣ ይበሰብሳል፣ ከዚያ በኋላ ነው ካቡ የሚነካው። "ስንት ጊዜ ይፈጃል?" ብዬ ጠየቅኩ። እሳቸው ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ ቀጣዩ ዛፍ ሄዱ።

እዚህ በዕድሜ የገፋ ወንድ ሁሉ አንክል፣ ሴት ሁሉ አንቲ ነው፤ ዘመድ ሆነም አልሆነም። ጋሼና እትዬ ማለት ነው። ስለዚህ እኚህን ሰው ከአሁን በኋላ አንክል ብቻ እላቸዋለሁ።

ኅዳር፣ ሁለት ቅዳሜ ባንድ ላይ

የሠራሁት ነገር ቢኖር ባልዲ መሙላት ነው። ትንንሽ ድንጋይ ለቅሞ በየመጠኑ መለየት፦ ቡጢ የሚያህል፣ እንቁላል የሚያህል፣ ለውዝ የሚያህል። ለአራት ዓመት ፎርማን ለነበረ ሰው ትሕትና ያስተምራል ማለት እወዳለሁ፤ እውነቱ ግን ተናድጄ ነበር።

አንክል ሲያስረዱ ቃል አያባክኑም። ያለ ማያያዣ ድንጋይ የመካብ ሙያ በሃዋይኛ ኡሃኡ ሁሙ ፖሃኩ ይባላል። ከታች የሚቀመጠው ትልቁ ድንጋይ ኒሆ ነው፣ ጥርስ ማለት። ረጅሙ ወገኑ ወደ ካቡ ውስጥ እንዲገባ ሆኖ ይተከላል፤ ውጭ የሚታየው አጭሩ ፊቱ ብቻ ነው። እኔ ልማዴ ተቃራኒው ነው። ሰፊውንና ያማረውን ፊት ወደ ውጭ አዞራለሁ፣ የጎደለውን ሲሚንቶ ይሸፍንልኛል፣ ደንበኛውም ያመሰግናል። ለካስ ያ ጥርስን በጎኑ አስተኝቶ እንደ መትከል ነው።

ትላልቆቹን ከውስጥ የሚያስጨንቀው የጠጠር ሙሌት ሃካሃካ ይባላል። የምለቅመው እሱን ነበር። የሲሚንቶን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው፤ ልዩነቱ ድንጋዩን ከድንጋይ ጋር አያጣብቅም፣ እንዳይወዛወዝ ብቻ ይይዘዋል። ድንጋዩም አይጠረብም ማለት ይቻላል። ማርቴሎ ከማንሳትህ በፊት ክምሩን ዞረህ ታያለህ፤ የሚገጥመው እዚያ ውስጥ አለ ተብሎ ይታመናል።

ሄኤያ ላይ ደግሞ ሌላ ብልሃት አለ። ካቡ ሁለት ፊት ነው፤ አንዱ ወደ ባሕር፣ አንዱ ወደ ኩሬ፣ ሁለቱም ጥቁር ድንጋይ። መሐሉ በኮራል ይሞላል። ኮራሉ ውሃውን ፈጽሞ አይዘጋውም፣ ያዘገየዋል። በዚህ የተነሳ ባሕሩ ሲሸሽ ኩሬው አይደርቅም፤ አብዛኛው ውሃም በተዘጋጀለት በር በኩል እንዲመላለስ ይገደዳል። ማዕበል ሲመታው ደግሞ ጉልበቱ በሺህ ቀዳዳ ውስጥ ተበትኖ ያልቃል። ግንብ ቢሆን ኖሮ ምቱን ሁሉ በደረቱ ይቀበል ነበር። ስንጥቅ አንዴ ከገባበት በኋላ የሚሆነውን ማንም ግንበኛ ያውቀዋል።

ታኅሣሥ፣ ዝናብ

ዛሬ ፊቱን እንድሠራ ተፈቀደልኝ። ሁለት ሜትር ያህል ቦታ፣ ማንግሮቭ አፍርሶት የነበረ። ሲባጎዬን ዘረጋሁ። አንክል አዩት፣ ምንም አላሉም። ስድስት ሰዓት ሠርቼ ስጨርስ እንደ ክር የቀና ሆነ። ፎቶ አንስቼ ለሚስቴ ላክሁላት።

አንክል መጥተው ከላዩ ወጡና ተራመዱበት። ቋ። ቋ። አንዱ ድንጋይ ተናገረ፣ ሌላው መለሰለት። ከዚያ ወርደው በሁለት ድንጋዮች መሐል ጣታቸውን አስገቡ፤ እስከ አንጓቸው ገባ። ውስጡ ባዶ ነበር። ፊቱን ለማሳመር ስሯሯጥ ሆዱን ረስቼዋለሁ።

"አፍርሰው" አሉኝ። በቁጣ አልነበረም። የሠራሁትን በሙሉ ማፍረስ አርባ ደቂቃ ፈጀ።

ማታ አባቴ ጋ ደወልኩ። ያሉት መንዝ ነው፤ አጥሩም በረቱም የእርሻው እርከንም ካብ በሆነበት አገር። ልጅ ሳለሁ ክረምት አልፎ የተናደውን ሲክቡ ድንጋይ አቀብላቸው ነበር። አዲስ አበባ ገብቼ ግንብ ከተማርኩ በኋላ ግን ካብ የድሃ ሥራ መስሎ ታየኝ። አንድ ጊዜ አገር ቤት ሄጄ "አባባ፣ ሲሚንቶ ላምጣና በደንብ ላሠራልዎ" ብያቸው ነበር። እሺም እምቢም አላሉኝም።

"ድንጋይ እየካብኩ ነው አባባ" ስላቸው ሳቁ። "ለዚህ ነው አሜሪካ ድረስ የሄድከው?" ካሉ በኋላ ወዲያው "ሆዱን በምን ትሞሉታላችሁ?" ብለው ጠየቁ። ያ ጥያቄ ነው ያስደነገጠኝ። በትንንሽ ድንጋይና በኮራል አልኳቸው። ኮራል ምን እንደሆነ ማስረዳት ጊዜ ወሰደ፤ የባሕር ድንጋይ ነው፣ በፊት ሕይወት የነበረው። ጥቂት አሰቡና፦ "ይሁን። አፈር ብቻ እንዳታደርጉበት። አፈር ክረምት ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ፊቱን ገፍቶ ይጥለዋል።"

የገና ሰሞን

ሚስቴ እረፍት ስላገኘች ትልቁ ደሴት ወደሚባለው ሃዋይ ደሴት ሄድን። እሷ እሳተ ገሞራውን፣ እኔ ድንጋዩን ለማየት።

ፑኡኮሆላ ሄያው ንጉሥ ቀዳማዊ ካሜሃሜሃ በ1790 እና 1791 ያሠራው ትልቅ የአምልኮ መድረክ ነው። ባሕሩን ቁልቁል ከሚያይ ኮረብታ ላይ፣ ያለ ማያያዣ በተካበ ድንጋይ የቆመ። ድንጋዩ ከፖሎሉ ሸለቆ የመጣ ነው ይባላል፤ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት፣ ሰው ተሰልፎ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ። ንጉሡም ድንጋይ ተሸክሟል ይላሉ። በ2006 በደሴቲቱ ላይ መጠኑ 6.7 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ካቡን ጎዳው። የጠገኑት በዚያው በጥንቱ ሙያ ነው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ። ወደ ላይ መውጣት አይፈቀድም፣ ከታች ሆነህ ነው የምታየው። ትክክል ነው። የማንም መቅደስ የቱሪስት ደረጃ መሆን የለበትም፤ እኛም ጫማ አውልቀን የምንገባበት ቦታ አለን።

ወደ ደቡብ ሲወርዱ ካሎኮ የሚባል ሌላ የዓሣ ኩሬ አለ፣ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ። የባሕር ወሽመጡን አፍ የዘጋው ካብ ወደ ባሕር ያለው ፊቱ ዘንበል ያለ ነው። ማዕበሉ ይወጣበታል፣ ይደክማል፣ ይመለሳል። አንድ ሰዓት ተኩል ቆሜ አየሁት። ሚስቴ መኪና ውስጥ ተኛች።

ጥር፣ የበሩ ቀን

ካቡ ላይ ማካሃ የሚባሉ በሮች አሉ፦ ቀጥ ብለው የቆሙ የእንጨት ዘንጎች፣ በመሐላቸው ጠባብ ክፍተት። የሚከፈት የሚዘጋ ነገር የለውም። ጥፍር የምታክል ዓሣ በክፍተቱ ትገባለች፤ ኩሬው ውስጥ ውሃው ጥልቅ ስላልሆነ ፀሐይ ያገኛል፣ አልጌ ይበቅላል፣ ትበላለች፣ ትወፍራለች። ከወፈረች በኋላ በዚያው በር መውጣት አትችልም። ባሕሩ ሲሞላ አዲስ ውሃ በበሩ ይገባል፤ ትልልቆቹ ውሃውን ተቃውመው ለመዋኘት በሩ ጋ ይሰበሰባሉ። መረቡን ይዘህ የምትፈልገውን ያህል ትወስዳለህ። ዋናዎቹ አማአማ የሚባለው ሙሌትና አዋ የሚባለው ናቸው። ማንም ምግብ አይሰጣቸውም። የኩሬው ባለሙያ ሥራ ውሃውን ማስተዳደር ነው።

ዛሬ በሩ ጋ ብዙ ሙሌት ተኮልኩሎ ነበር፤ ጀርባቸው በውሃው ውስጥ ይታያል። እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ባሕር መውጣት የሚፈልጉበት ወቅት ነው። አንዱ ጎረምሳ "እንያዝ?" አለ። አብረውን የነበሩ አንዲት አንቲ በዓይናቸው ብቻ ቀጡት። በዚህ ወቅት ሙሌት መንካት በጥንቱ ሥርዓት ካፑ፣ ክልክል ነበር። ዛሬም በሃዋይ ሕግ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት፣ በፈረንጆቹ ወር፣ ሙሌት ማጥመድ አይፈቀድም።

ለመንዝ ሰው ይኼ እንግዳ ነገር አይደለም። ጓሳ የሚባለውን የመንዝ የሣር ምድር አባቶቻችን ቄሮ በሚሉት የጥንት ሥርዓት ለዓመታት ዘግተው ይጠብቁት ነበር። ሲከፈት ሁሉም ይገባል፣ ሲዘጋ ሁሉም ይወጣል። ለአንቲ ነገርኳቸው። "ማን ነው የሚከፍተው?" ብለው ጠየቁ እንጂ አልገረማቸውም።

የካቲት፣ ወደ ላይ፣ ጭቃ

ዛሬ ድንጋይ የለም። ወንዙን ይዘን ወደ ላይ፣ ካሎ ወደሚተከልበት ረግረግ ተላክን። ሃዋይያውያን መሬትን ከተራራ እስከ ባሕር በአንድ ቁራጭ ነበር የሚከፍሉት፤ አሁፑአአ ይሉታል። ላይ ያለው ገበሬና ታች ያለው ዓሣ ጠባቂ አንድ ውሃ ስለሚጠጡ፣ አንዱ ሲያጠፋ ሌላው ወዲያው ያውቃል። በ1965 በደረሰ ጎርፍ የሄኤያ ካብ 60 ሜትር ያህሉ ተጠርጎ ሄደ፤ ኩሬው ለአሥርተ ዓመታት አፉ ተከፍቶ ነበር። ከ2001 ጀምሮ ፓኤፓኤ ኦ ሄኤያ የተባለ የአካባቢው ሰዎች ማኅበር ኩሬውን እየጠገነ፣ ያንን ቀዳዳ በሺዎች ደቦ የዘጋው በ2015 መጨረሻ ላይ ነው። ላይኛው መሬት ከተበላሸ ግን ደለሉ መጥቶ ኩሬውን ይሞላዋል። ውሃ የተኛበት የካሎ መደብ ጭቃውን አጥልሎ ያስቀረዋል። ካብ ልማር የመጣ ሰው ጭቃ ውስጥ የሚዳክረው ለዚህ ነው።

እና ካሎ ምን ሆኖ ተገኘ? ጎደሬ! እንደ ዝሆን ጆሮ የተዘረጋውን ቅጠል ሳይ ጮህኩ። ወላይታ ያደገ ጓደኛዬ ጋ በቪዲዮ ደወልኩ፤ "ውሃ ውስጥ ምን ያደርጋል?" አለ። እዚያ በእርጥብ አፈር ላይ ነው የሚያውቀው። እዚህ የሚተከለው ውሃ ውስጥ ነው፤ ውሃውም መቆም የለበትም። ቆሞ ከሞቀ ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ ቦዩ ከወንዙ ገብቶ መደቦቹን ካዳረሰ በኋላ ውሃውን ለወንዙ ይመልሳል። የሚተከለው ሁሊ ይባላል፦ ግንዱ ከሥሩ አናት ትንሽ ቁራጭ ጋር ተቆርጦ። እስከ ጉልበቴ ሰጥሜ መቶ ሃያ ያህል ተከልኩ። ጥሬውን እንዳልቀምስ ጓደኛዬ በስልክ አስጠነቀቀኝ፤ ጉሮሮ ያሳክካል። እዚህም ያንኑ ነገሩኝ።

ካሎ ለእነሱ ታላቅ ወንድም ነው። በትውፊታቸው ሞቶ የተወለደ ሕፃን ተቀበረ፣ ከመቃብሩ ካሎ በቀለ፤ ቀጥሎ የተወለደው ልጅ ሃሎአ የሰው ሁሉ አባት ሆነ። ቤተሰብ የሚለው ቃላቸው ኦሃና የመጣው ከእናቱ ጎን ከሚወጣው የካሎ ቡቃያ ስም ነው። ምሳ ላይ ፖኢ ቀረበ፤ ተቀቅሎ ተወቅጦ በውሃ የቀጠነ፣ ወይን ጠጅ የመሰለ። ሁለት ቀን የቆየው ይኮመጥጣል። ሌሎቹ አዲስ መጤዎች ፊታቸውን አጨማደዱ። እኔ እርሾ ለምጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ደገምኩ።

መጋቢት፣ ከከባዱ ዝናብ በኋላ

ሦስት ቀን ያለማቋረጥ ዘነበ። ወንዙ ቡና መስሎ ወረደ። ቅዳሜ ጠዋት በካቡ ላይ ስንሄድ ቅርንጫፍ፣ ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ አንድ የልጅ ብስክሌት አገኘን። ሁለት ቦታ ላይ ፊቱ ወርዷል።

የእኔ ሁለት ሜትር (ታኅሣሥ አፍርሼው፣ ጥር ላይ እንደገና የሠራሁት) ቆሟል። ባሕሩ ሲሸሽ ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ በየመጋጠሚያው ውሃ እየተንጠባጠበ ይወጣል። አዲስ አበባ ይኼን ባይ ኖሮ ሠራተኛ ጠርቼ እጮህበት ነበር።

አንክል ከተናዱት ወደ አንዱ ወሰዱኝና "ይኼ ያንተ ነው" አሉ። ዛሬ ያለ ሲባጎ ሠራሁ። በየረድፉ ፊቱን ከማስቀጠሌ በፊት ሆዱን ሞላሁ፣ በላዩ ቆሜ ተራመድኩ፣ ሲናገር አወጣሁት። ባንድ ቀን የሄድኩት ሰማንያ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው።

አባባ ፎቶ እንድልክላቸው ጠይቀው ነበር። "ፊቱን አይደለም፣ ሆዱን አንሳልኝ" ብለዋል። ስለዚህ የላይኛውን ረድፍ ከመክደኔ በፊት ከአናቱ አነሳሁና በእህቴ ልጅ ስልክ ላክሁ። ማታ መልስ መጣ፤ ልጅቷ የሳቸውን ቃል እንዳለ ጽፋዋለች፦ "በስተግራ፣ ከትልቁ ድንጋይ ሥር፣ አንዲት ክፍተት ትታየኛለች።"

ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። አለች። ቅዳሜ ባሕሩ የሚሸሸው ማለዳ ነው፤ ቀድሜ ደርሼ ሁለት ረድፍ ማንሳት አለብኝ። እንቁላል የሚያህለው ጠጠር ስላለቀ አንድ ባልዲ ልልቀም።